ከቢራቢሮ ኋላ አትሩጡ፤ ቅጠሏን ፈልጉ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያሉትን ቅዳሜና እሁዶች ለሌላ ጉዳይ መስጠት አልወድም። ለቢራቢሮ ፎቶ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ቅጠሉ ለጋ ነው። ፀሐይም ተመልሳለች። ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ሲበላ የከረመው አባጨጓሬ ክንፍ አውጥቶ የሚታየው አሁን ነው። ሰው አደይ አበባ ሊያነሳ ሲወጣ እኔ አደይ አበባው ላይ ያረፈችውን ፍለጋ እወጣለሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ግን በሩጫ ነበር። አንዷን አያለሁ፣ ስልኬን ደግኜ እከተላለሁ፣ ልታርፍ ስትል እደርስባታለሁ፣ ብር ትላለች። እንደገና እከተላለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ከዚያ ሁሉ ፎቶ መሀል ጥርት ብሎ የወጣ አንድም የለም። ያኔ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ቢራቢሮ እንዲሁ አትዞርም። የምትጠባው አበባ፣ እንቁላል የምትጥልበት ቅጠል ወይም ጨው የምትመጥበት ጭቃ ፍለጋ ላይ ናት። እነዚህን ካወቃችሁ እሷ ራሷ ወደ እናንተ ትመጣለች። ዕፅዋት ደግሞ እኛ አገር ሰው ያውቃል። እናቶቻችን ግራዋውን፣ ሰንሰሉን፣ ልምጩን ከሩቅ ይለዩታል። ከዚያ የቀረው ትዕግሥት ነው።

ከሎሚ ዛፍ ጀምሩ

ጫካ ከመግባታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤት ያለ ሎሚ ወይም ብርቱካን ዛፍ ፈልጉ። ለጋ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገልብጡ። የስፒል ራስ የምታክል፣ ክብ፣ ፈዛዛ ቢጫ ነገር ነጠላዋን ቅጠል ላይ ተለጥፋ ካገኛችሁ እንቁላል ናት። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ቡናማና ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ አትጥረጉት፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አባጨጓሬ ነው። ወፍ እንዳይበላው የራሷን የወፍን ኩስ መስሎ ተቀምጧል። ትንሽ ሲያድግ ልብሱን ይቀይርና አረንጓዴ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ከቅጠሉ መለየት ይከብዳል። ጫፉን በሣር ቀስ አድርጋችሁ ብትነኩት ከአንገቱ ላይ እንደ ቀንድ የተሰነጠቀ ብርቱካንማ ነገር ያወጣል፣ ሽታውም ኃይለኛ ነው። መከላከያው ነው፤ አንድ ጊዜ ፎቶ ካነሳችሁት በቂ ነው፣ ደጋግማችሁ አታስጨንቁት።

ይሄ አባጨጓሬ ኋላ ላይ የሎሚ ቢራቢሮ ይሆናል፣ በሳይንስ ስሙ ፓፒልዮ ዴሞዶከስ። ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ከታች በኩል ቀይና ሰማያዊ ዓይን የመሰለ ምልክት ያለበት ነው። ከቅርንጫፍ ጋር በቀጭን ክር ታስሮ ሙሽሬ ሲሆን፣ ማለትም ክንፍ እስኪያወጣ ቅርፊት ውስጥ ሲቀመጥ፣ ቦታውን ምልክት አድርጉበትና ከሳምንት በኋላ በየጠዋቱ እየሄዳችሁ እዩት። ሙሽሬው ጠቆር ብሎ የክንፉ ቀለም በቅርፊቱ ውስጥ መታየት ሲጀምር ቀኑ ደርሷል። የምትወጣው ብዙ ጊዜ በጠዋት ነው። ወጥታ ክንፏ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ተንጠልጥላ ትቆያለች፣ ብትፈልግ እንኳን መብረር አትችልም። ክንፏ አልተቦጨቀም፣ ቀለሙ አልረገፈም። በሕይወቴ ካነሳኋቸው የቢራቢሮ ፎቶዎች ሁሉ የምወዳት አንዷ እንዲህ የተገኘች ናት፤ ያነሳኋትም ጫካ ውስጥ ሳይሆን ከማእድ ቤታችን በር ሦስት እርምጃ ላይ ነው።

ሎሚን ካወቃችሁ ልምጭን ፈልጉ። ያ ጥርስ የሚፋቅበት ልምጭ ከሎሚ ጋር ዘመድ ነው፣ ቅጠሉን ጨፍልቃችሁ ብታሸቱት ሽታው ይነግራችኋል። የጫካዋ ፓፒልዮ ዳርዳነስም ልምጩ ላይ ትወልዳለች። ወንዱ እንደ ቅቤ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ዙሪያው ጥቁር፣ ከኋላው ሁለት ጭራ አለው። የሴቷ ነገር ይደንቃል። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቷ ጭራ የላትም፣ ወንዱንም ጨርሶ አትመስልም፤ ወፍ የማይበላቸውን መርዛማ ቢራቢሮዎች ነው የምትመስለው። እኛ አገር ግን ወንዱን ቁርጥ የምትመስል ሴት አለች፣ መርዛማዎቹን መስላ ጭራዋን ግን ያልጣለችም አለች። እንዲህ ያለው ነገር ያለው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ጫካ ዳር ጭራ ያላት ቢራቢሮ ስታገኙ አንድ ፎቶ አንስታችሁ እንዳታልፉ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም የክንፍ ገጽ ያዙ።

ሌላም ሌላም አለ። በስምጥ ሸለቆ በኩል ስትሄዱ ጦቢያው አጠገብ ቁሙ። ያ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቅጠል ለአብዛኛው እንስሳ መርዝ ነው፤ ብርቱካንማዋ ዳናውስ ክራይሲፐስ ግን ልጆቿን እዚያ ላይ ታሳድጋለች፣ መርዙም ወደ እሷ ይተላለፋል። ለዚህ ነው ቀስ ብላ፣ ሳትፈራ የምትበረው። ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ ልምምድ የለም። ከጎኗ የምትመስላት ሌላ ካያችሁ ደግሞ የኋላ ክንፏን እዩ፦ ዳናውስ መሀሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጠብጣብ አላት፣ አስመሳይዋ ሂፖሊምናስ ግን ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ አንዲት ብቻ ናት ያለቻት። የአስመሳይዋ ባል ደግሞ ጨርሶ አይመስላትም፤ ጥቁር ሆኖ ትላልቅ ነጭ ክቦች አሉት፣ የክቦቹ ጠርዝ ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ ያበራል። ያንን ሐምራዊ ለመያዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ማዕዘኑን መፈለግ ነው፤ በአንዱ በኩል ይጠፋል፣ በአንዱ በኩል ይነዳል።

አተርና ባቄላ ማሳ ዳር የምትርመሰመሰው ትንሿ ሰማያዊ ደግሞ ልጆቿ እሸቱ ውስጥ ገብተው ነው የሚያድጉት። ከኋላዋ ክር የመሰለ ጭራ አላት፣ አጠገቡም ጥቁር ነጥብ። ስታርፍ ጭራዋን ታንቀሳቅሳለች፣ ወፍም ራሷ እዚያ ያለ መስሎት በዚያ በኩል ይነክሳል። ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ የተቦጨቀች ታገኛላችሁ፤ አትጣሏት፣ አንሷት፣ ታሪኳ ክንፏ ላይ አለ።

የት እንሂድ

አዲስ አበባ ላለ ሰው መጀመሪያ የምመክረው መናገሻ ሱባ ነው። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ደን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ይህ ማለት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጥቅጥቅ ያለው መሀል ገብታችሁ አትድከሙ። ቢራቢሮ የምትገኘው ብርሃን ባለበት ነው፦ የመኪናው መንገድ ዳር፣ ዛፍ ወድቆ ሰማይ የተከፈተበት ቦታ፣ ጅረቱ መንገዱን የሚያቋርጥበት። እንጦጦ ቅርብ ነው፣ ግን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ የሚበቅለው ትንሽ ስለሆነ ቢራቢሮውም ያንሳል። ከዚያ ይልቅ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ብትሄዱ አገር በቀሉን በስሙ ጽፈው ስለተከሉ ዕፅዋቱንም አብራችሁ ትማራላችሁ።

ባሕር ዳርና ጎንደር በኩል ያላችሁ ደግሞ ሀብታሞች ናችሁ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ግጦሽ ሆኖ፣ መሀል ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ የቀረው ደን ለቢራቢሮ መጠጊያ ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴን የመሰሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ደቡብ ጎንደር ላይ አንዳንዶቹ ደኖች ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። የካቡ ውስጠኛ ጠርዝ፣ ፀሐይ የሚነካው፣ ችግኝ የሚወጣበት በኩል ግሩም ቦታ ነው። ስትሄዱ ግን መጀመሪያ ካህናቱን ወይም ጥበቃውን አስፈቅዱ። የቅዳሴ ሰዓት ላይ ካሜራ ይዞ መዞር ነውር ነው፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቁ። “አባ፣ ቢራቢሮ ላነሳ ነው” ስላቸው ግር ብሏቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ካሳየኋቸው በኋላ እኔ የማላውቀውን ምንጭ ወስደው አሳይተውኛል። ዘጌ ላይም ከቡናው ጥላ ሥር፣ መንገዱ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ ላይ መቀመጥ ይበቃል።

ሩቅ መሄድ ለሚችል ወንዶ ገነትና ባሌ ሐረና አሉ። ሐረናን በሁለት ቀን አትጨርሱትም፣ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰዓቱ

ቢራቢሮ ሰውነቷን የሚያሞቅላት ፀሐይ ናት። የደረቷ ጡንቻ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በደንብ መብረር አትችልም። ደጋ ላይ ጠዋት ብርድ ነው፣ ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ ክንፏን ዘርግታ ቅጠል ወይም ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ታገኟታላችሁ። ወርቃማው ሰዓት ይህ ነው። ቀርፋፋ ናት፣ ክንፏ ተዘርግቷል፣ ብርሃኑም ለስላሳ ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ እየፈጠነች ትሄዳለች፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ደግሞ ብርሃኑም ያፈጃል፣ እሷም አትያዝም። ያኔ ምሳ ብሉ። ወይ ወደ ጭቃው ሂዱ።

ጭቃው ስል ቀልድ አይደለም። ወንዶቹ ቢራቢሮዎች ጨውና ማዕድን ፍለጋ እርጥብ መሬት ላይ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ዳር፣ ከብቱ የሸናበት አሸዋ ላይ አንዳንዴ በደርዘን ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሲመጡ በዝተው ነው፣ ሲጠጡ ደግሞ ልባቸው ሌላ ቦታ አይሄድም። በሆዳችሁ ተኝታችሁ እስከ አንድ ክንድ ድረስ መጠጋት ትችላላችሁ። ላብ ያለበት የቦርሳ ማንገቻ ላይም ይቀመጣሉ። አንዷ እጄ ላይ አርፋ ላቤን ስትመጥ ደቂቃዎች ቆይታለች፤ በግራ እጄ ፎቶ ማንሳት የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ደመና ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ቅጠል ሥር ተንጠልጥለው ያርፋሉ። ዝቅ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ እዩ።

አጠጋጉ

የቢራቢሮ ዓይን ዙሪያዋን ሁሉ ያያል፣ ግን ዝርዝሩ ብዙም ጥርት ብሎ አይታየውም። የሚያስደነግጣት መንቀሳቀስና ጥላ ነው። እንግዲህ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። ጥላችሁ እንዳያርፍባት ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች ቀድማችሁ እዩ። የሚውለበለብ ነጠላ ወይም ሻርፕ አትልበሱ። ከላይ ቆማችሁ አትምጡ፣ ከሩቅ ጀምራችሁ ዝቅ በሉና ቀስ፣ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ክንፏን ከፈት ዘጋ ማድረግ ስትጀምር ቁሙ፤ ስትረጋጋ ቀጥሉ። የመጀመሪያውን ፎቶ ከሩቅ አንሱ፣ ምናልባት የምታገኙት እሱን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ አንድ ፎቶ።

ከሄደችም አትከተሉ። እዚያው ተቀመጡ። ብዙዎቹ ዞረው ወደዚያው አበባ፣ አንዳንዶቹ ወደዚያው ቅርንጫፍ ጫፍ ይመለሳሉ። ስለዚህ አበባ ምረጡ፦ ያበበ ግራዋ፣ ሰንሰል አጥር ወይም የወፍ ቆሎ። የወፍ ቆሎ አገር የሚወርር መጤ ተክል ነው፣ እንዲስፋፋ አልመኝም፤ ሆኖም አብቦ ካገኛችሁት አጠገቡ ቁሙ፣ ቢራቢሮ ይወደዋል። ፀሐዩ ከጎን የሚመታውን፣ ከጀርባው ቅርብ ቅርንጫፍ የሌለበትን አንዱን አበባ ለዩ፣ ካሜራውን እዚያ ላይ አዘጋጁ፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ግማሽ ሰዓት ረጅም ይመስላል፣ ጫካ ውስጥ ግን ያልፋል።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ፦ ከመቀመጣችሁ በፊት መሬቱን እዩ። ጉንዳን መንገድ ላይ ተቀምጣችሁ ሱሪያችሁ ውስጥ ከገባ የዚያ ቀን ሥራ አለቀ። ከቅጠል ሁሉ ደግሞ ሳማን ለዩ።

ካሜራውና ስልኩ

ስልክ ይበቃል። በጣም እንድትጠጉ የሚያስገድደውን የማክሮ ሞድ ግን ተዉት፣ ጥላችሁ ያባርራታል። ከ30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ዓይኗ ላይ ጣታችሁን ነክታችሁ ፎከሱን ያዙ፣ ከዚያ የብርሃኑን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ጎትቱት። በተከታታይ የሚያነሳውን ሞድ ተጠቀሙ። ከሃያ አንዱ ይወጣል፣ አንዱም ይበቃል።

ካሜራ ያላችሁ፣ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ማክሮ ሌንስ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ 70–300ው የተለመደው ዙም ለትልልቆቹ በጣም ይሠራል፣ እንዲያውም ሳትጠጉ ስለምታነሱ ለጀማሪ ይሻላል እላለሁ። ሹተሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚነሳበትን ፍጥነት፣ ከ1/500 ሰከንድ አታውርዱ፣ አበባው ራሱ በነፋስ ይወዛወዛልና። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 አካባቢ አድርጉት። አይኤስኦው፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከፍ ቢልም አትፍሩ፣ ትንሽ የሻከረ ፎቶ ከብዥታ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣልኝ ግን ማስተካከያ ሳይሆን ማዕዘን ነው። ክንፏ እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው ብላችሁ አስቡት። ሌንሱ ከገጹ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ካልቆመ ግማሹ ጥርት ይላል፣ ግማሹ ይደበዝዛል። ክንፏን ዘርግታ ከሆነ ከላይ፣ አጥፋ ከሆነ ልክ ከጎኗ ሁኑ። ነጮቹን ቢራቢሮዎች ስታነሱ ካሜራው ላይ ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያው አንድ እርከን) ያህል ቀንሱ፣ አለዚያ የክንፉ መስመር ሁሉ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ጥቁሯን የሎሚ ቢራቢሮ ስታነሱ ደግሞ ጀርባው ቅጠል ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። ፍላሽ እኔ አልጠቀምም። የክንፉን ቀለም ያደርቀዋል።

ከላይ የማይወርዱት

ቻራክሰስ የሚባሉት ቢራቢሮዎች ጠንካሮችና ፈጣኖች ናቸው፣ ዛፍ አናት ላይ ነው የሚውሉት፣ አበባም ብዙ አይፈልጉም። የሚወዱት የበሰበሰ ፍራፍሬ፣ ከዛፍ የሚፈስ ፈሳሽና ፍግ ነው። ስለዚህ እናውርዳቸው። በጣም የበሰለ ሙዝ ጨፍልቁ፣ ስኳርና ትንሽ ጠላ ጨምሩበት፣ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ክዳኑን ጥብቅ አታድርጉት፣ ይፈላል። ከዚያ ፀሐይ የሚነካው ግንድ ላይ በደረታችሁ ከፍታ ቀቡት። ሲጠጡ ክንፋቸውን አጥፈው ስለሚቀመጡ የታችኛው ገጽ ጌጥ በደንብ ይታያል፤ ከጠገቡ በኋላ ደግሞ ቶሎ አይነሱም። ስትጨርሱ ዕቃውን ይዛችሁ ተመለሱ።

ያነሳችሁትን በቀን፣ በቦታ እና በተክል ስም አስቀምጡ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ “ጥቅምት 9፣ ሱባ፣ ጅረቱ ዳር፣ ግራዋ ላይ፣ 3 ሰዓት ከሩብ” ብዬ እጽፋለሁ፤ በዓመቱ ያንኑ ቦታ በዚያው ሳምንት ስሄድ ብዙ ጊዜ አገኛታለሁ። ዝርያውን ለማወቅ አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ጫኑት፣ የሚያውቁ ሰዎች አይተው ስሙን ይነግሯችኋል፣ ለአገራችንም መረጃው ይቀመጣል። በአማርኛ ግን አብዛኛውን “ቢራቢሮ” ብለን ብቻ ነው የምንጠራው። ስለዚህ ስትሄዱ እረኞቹን ልጆች ጠይቁ። ከእኛ ቀድመው ያያሉ፣ የት እንደምትውልም ያውቃሉ፣ አንዳንዴም የራሳቸው ስም አላቸው። የሚሏችሁን ከፎቶው ሥር ጻፉት።